ከአሰብ የመጡ እንግዶች

መስከረም ሲጠባ ቡታጅራን የሚሞላትን ሽታ የሚያውቀው ያውቀዋል። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ በየቤቱ ሲነጠር፣ ሽታው ከባሕር ዛፉ ጭስ ጋር ተደባልቆ በጎጆው ክዳን መሃል እየሾለከ ይወጣና መንገዱን ያጥነዋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የማን ቤት ቅቤ እንደሆነ በሽታው እንለይ ነበር። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክትፎ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት ሲያገኘኝ እግሬ ይያዛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ አያቴም "አንቺ ልጅ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ ውሃውን አምጪ እንጂ!" ስትለኝ ይሰማኛል። እስቲ የ1980 ዓ.ም.ን መስቀል ላውጋችሁ።

ጉራጌ አገር መስቀል በአንድ ቀን የሚያልቅ በዓል አይደለም። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ከቅቤያቸው እየቀነሱ ያኖራሉ፣ ወንዶቹ ለሰንጋው መግዣ የመስቀል እቁብ ይጥላሉ። ከቤት የወጣ ልጅ ደግሞ መርካቶም ይሁን፣ ጅማም ይሁን፣ ድሬዳዋም ይሁን፣ ያጠራቀመውን ቋጥሮ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ለአረፋ እንደሚገቡት ሁሉ ክርስቲያኑ ለመስቀል ይገባል። ልጇ ያልመጣላት እናት ሰው ፊት ብትስቅም ጓዳ ስትገባ ዓይኗን ትጠርጋለች። አያቴ እንዲህ ብዙ መስቀሎችን አሳልፋለች። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንለው አጎቴ፣ የሚኖረው አሰብ ነበርና።

አጎቴ በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ መርካቶ ገባ። ጫማ ጠረገ፣ ሎተሪ አዞረ፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ ከተማውን አካለለ። በመጨረሻ ለአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ረዳት ሆኖ ወደብ ወረደና እዚያው ሱቅ ከፍቶ ቀረ። ሚስት ያገባው ከዚያው ነው፤ ልጆቹም እዚያው ተወለዱ። ለእኛ አሰብ ማለት በዓመት አንዴ የሚመጣ ደብዳቤ፣ በደብዳቤው ውስጥም ስለ ሙቀት፣ ስለ መርከብ፣ በሶቪዬት ኅብረት እርዳታ ስለተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ የሚተረክ ወሬ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ደብዳቤው "ለመስቀል ከነቤተሰቤ እመጣለሁ" የሚል ሆነ። አያቴ ደብዳቤውን አባቴ ደጋግሞ እንዲያነብላት አደረገች፤ ከዚያም አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ጊዜው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) የታወጀበት ሰሞን ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ይውላል፤ በሰሜን ጦርነቱ አልበረደም፤ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለጉ ወጣቶች ያሏቸው ቤቶች በጭንቀት ያድራሉ። ሰው ከአገር አገር ሲንቀሳቀስ በየኬላው ይፈተሻል፤ የይለፍ ወረቀትም ይጠየቃል። አጎቴና ቤተሰቡ ያን ሁሉ አልፈው በሚሌ በረሃ በኩል አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያም አዋሽን ተሻግሮ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በኬላ የሚያልፈውን አውቶብስ ተሳፍረው አመሻሽ ላይ ቡታጅራ ገቡ።

ከአውቶብስ ሲወርዱ ልጆቹ እየተንቀጠቀጡ ነበር። ለእኛ መስከረም ሞቅ የሚልበት ወር ነው፤ ለእነሱ ግን ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ነፋስ ለጉድ ነበር። የአያቴ እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራው። ልጇን አንገቱ ሥር ይዛ ስታሸተው አስታውሳለሁ፤ ሳመችው ከማለት አሸተተችው ማለት ይቀላል። የአጎቴን ሚስት እትዬ እንድላት ተነገረኝ። የእኔ እኩያ የሆነች ሴት ልጅ አለቻት፤ ከእሷ ከፍ የሚል ወንድ ልጅም አላት። ልጆቹ አማርኛቸው ፈጣን፣ ቀሚሳቸውና ሸሚዛቸው ስስ፣ ዓይናቸው የማይጠግብ ነበር። በዚያች ምሽት ሁላችንንም አያቴ ጋቢ ውስጥ ጠቀለለችንና ጂባው ላይ አስተኛችን።

ከሻንጣው የወጣው ስጦታ ብዙ ነው። ተምር ነበረ፣ የሚያብረቀርቅ ሻርፕ ነበረ፣ የመርከብ ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ ነበረ። አያቴን ያስደሰታት ግን በጨርቅ ከረጢት የመጣው የአሰብ ጨው ነው። ከረጢቱን ፈታች፣ ከፍ ያለችውን ቅንጣት መርጣ በምላሷ ጫፍ ነካችና ዓይኗን ጨፈነች። "ልጄ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ የነበረ ነው?" አለች። አጎቴ ውሃው በሰፊው ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚተኛ፣ ፀሐይ እንዴት እንደምታደርቀው፣ ነጩ ክምር ከሩቅ እንዴት እንደሚታይ ነገራት። በነጋታው በትንሽ በትንሹ በወረቀት እየቋጠረች ለጎረቤት ሁሉ አደለች። ያን መስቀል በሰፈራችን ክትፎ ውስጥ የገባው ጨው የልጇ ባሕር ጨው ነበር።

ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ሥጋ ሳይነካ ጎመን ክትፎና አይብ በቆጮ ይበላል። እትዬ በዚያ ጊዜ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ጎመን ስትከትፍ፣ ቆጮ ለመጋገር ስትሞክር፣ እጇ በኮባ ቅጠል ሲንሸራተት፣ ሴቶቹ በፍቅር ይስቁ ነበር። ሰንጋው ሲታረድ ደግሞ ወንዶቹ በእንጨት ገበታ ላይ ቢላዋቸውን እየጣሉ እያነሱ ሥጋውን ሲያደቁ የነበረው ምት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በራሳቸው እጅ የታረደ በግ ተለይቶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ ይቀርባል፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲያያዝ የመጣ ስለሆነ ማንም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ሽማግሌው መርቀው ጣባው ሲዞር የአጎቴ ልጅ በጆሮዬ "ዓሣ መቼ ነው የሚመጣው?" አለችኝ። ለአያቴ ነገርኳት። አያቴም "ዓሣ? ለመስቀል?" ብላ ደረቷን ያዘች።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ቆጣሪው መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና በዙሪያዋ በተመረጡ ቀበሌዎች ስለ ሕዝቡ ጤና ማጥናት ከጀመረ ብዙም አልቆየ። ሠራተኞቹ ከቤት ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ይመዘግባሉ። ያ ወጣት መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በቤቱ ያሉትን ሲጠይቅ አያቴ አጎቴንና እትዬን፣ ልጆቹንም ጭምር አንድ በአንድ ጠራችለት። "እነዚህማ እንግዶች ናቸው፣ እማማ" አላት በትሕትና። "አንተ ጻፍ" አለችው፤ "የቤቴን ሰው የማውቀው እኔ ነኝ።" ወጣቱ ብዕሩን እንደያዘ አባቴን ተመለከተ፣ አባቴም ጣራውን ተመለከተ። ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ክትፎውን ቀምሶ፣ ተመርቆ ሄደ።

በዓሉ ሲረግብ የአገር ማሳየቱ ነገር ተነሳ። እውነቱን ለመናገር እኔ ቡታጅራ ምን የሚታይ ነገር እንዳላት አላውቅም ነበር። የተወለዱበትን አገር ማን ያያል? ጎረቤታችን ሐጂ የቆየች ላንድሮቨር ነበረቻቸው። "እንግዳ ቤት ውስጥ ተዘግቶ አይሰነብትም" ብለው ራሳቸው ሊነዱልን መጡ።

መጀመሪያ የወሰዱን ሐረ ሸይጣን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ስልጤ በኩል፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የከፈተው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት የተኛበት ቦታ ነው። ሜዳውን ይዞ ሲሄዱ ምንም አይታይም፤ ድንገት መሬቱ ከእግር ሥር ያልቅና ገደሉ ወደ ታች፣ ወደ አረንጓዴው ውሃ ይወርዳል። ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል፤ ሐጂም ይህንኑ ነገሩን። የአጎቴ ልጅ ወደብ ላይ ጠጠር ሲወረውር ያደገ ነውና እልህ ያዘው። ድንጋይ እየመረጠ፣ ወደ ኋላ እየተንደረደረ ቢወረውር ድንጋዩ ወደ ገደሉ ግድግዳ እየጎበጠ ይጠፋል። ክንዱ እስኪዝል ሞከረና ተቀመጠ። እኅቱ ግን አልወረወረችም። ሣሩ ላይ በሆዷ ተኝታ ውሃውን ዝም ብላ ታየዋለች። እኔም አጠገቧ ተኛሁና እሷ የምታየውን አየሁ፤ የደመናው ጥላ ውሃውን ሲሻገር፣ ወፎች ከእኛ በታች ሲበሩ። ያን ገደል የማውቀው ፍየል እንዳይገባበት ስንከለክል ነበር። እንዲህ ማማሩን በእሷ ዓይን አየሁት።

በማግስቱ የአባቴ እኅት ከወልቂጤ ደረሰች። አባቴ የወልቂጤ በኩል ሰው ነው፤ ተራራው በመሃል ስለሆነ አክስቴ በአዲስ አበባ ዙራ ነው የመጣችው። ከአንድ ዘንቢል እሸት ጋር ስለ ጊቤ በረሃ ሙቀትና ስለ ዋቤ ወንዝ ሙላት ወሬ ይዛ መጣች። አባቴ አስተማሪ ስለነበር ለአሰብ ልጆች አገሩን በመሬቱ ላይ በእንጨት ጭሮ አስረዳቸው። የጉራጌ ተራሮች እንደ ጎጆ ጣራ ዝናቡን ለሁለት ይከፍሉታል አላቸው። ወደ ምዕራብ የወረደው በዋቤ አድርጎ ጊቤ ይገባል፣ ጊቤም ኦሞ ይሆንና ቱርካና ሐይቅ ላይ ያርፋል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እኛ የወረደው ደግሞ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ይገባል፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወርዶ አቢጃታ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። "ነገ ውሃችን የት እንደሚያድር ሄዳችሁ ታያላችሁ" አላቸው።

ላንድሮቨሯ ያን ቀን ያልጫነችው ሰው የለም። አያቴ ሳትቀር ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ጣባ ሙሉ አይብና ቆጮ ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች። መንገዱ ፒስታ ነው፤ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። በእንሴኖና በቆሼ በኩል ቁልቁል ስንወርድ እንሰቱ እየሳሳ፣ ግራሩና ቁልቋሉ እየበዛ፣ አየሩም እየሞቀ መጣ። የማረቆ በርበሬ በየማሳው ገና ሊቀላ ጀምሮ ነበር። አደይ አበባው ዳር ዳሩን ቢጫ አልብሶታል። የአሰብ ልጆች ሙቀቱ ሲነካቸው የደረቡትን ሹራብ አወለቁ፤ ከመጡ ጀምሮ የተኮማተረው ትከሻቸው ተፈታ። እትዬ ከኋላ ሆና መዝፈን ጀመረች።

ዝዋይ ስንደርስ ነፋሱ የውሃ፣ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ መጣ። እኔ ያን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ማዶው አይታይም፤ ደሴቶቹ በጉም ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ዳርቻው ላይ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳዎች ደግሞ በረጃጅም እግራቸው እየተንጎራደዱ ለሚጣልላቸው አንጀት ይሻማሉ። ጉማሬ ከሩቅ ሲያጉረመርም አያቴ አማተበች። የአጎቴ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች፣ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘገነችና ቀመሰች። ከዚያም ዞር ብላ "እማዬ! ጨው የለውም!" ብላ ጮኸች። እንደገና ዘገነች፤ እንደገና ቀመሰች። ይህን የሚያህል ውሃ ጨው የሌለው መሆኑ አልዋጥላት አለ። እኛ ደግሞ ጨው ያለበት ውሃ ቀምሰን አናውቅም፤ እሷን እያየን ሁላችንም ቀመስን።

እትዬ ቆሮሶ ገዛች። ፍሙን ራሷ አያያዘች፤ ዓሣውን በጀርባው ሰንጥቃ ዘረጋችና አሰብ እንደለመደችው አድርጋ ጠበሰችው። በርበሬው የማረቆ፣ ጨው ደግሞ ከከረጢቱ የተረፈው የአሰብ ነው። አያቴ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። በኋላ እትዬ እሾሁን ለቅማ፣ በቆጮ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ምራት ያጎረሰችው አይተፋምና ዋጠችው። ጥቂት ዝም አለችና "እስቲ ድገሚኝ" አለች። እኔ አያቴ ዓሣ ስትበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ አጠገባችን ተቀምጦ መረቡን ይጠግን ነበር። ከዛይ ሰዎች ነው፤ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት። አያቴ ከጎረቤቶቿ የለመደችው ስልጤኛ ነበራትና በዚያ ሰላም አለችው፤ እሱም በራሱ ቋንቋ መለሰላት፤ ሁለቱም ሳይቸገሩ ቀጠሉ። አባቴ ቋንቋዎቹ ወንድማማች መሆናቸውን ነገረን። ሽማግሌው በጣቱ እያሳየ ደሴቶቹን ቆጠረልን። በሩቁ የቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለችውን የደብረ ጽዮንን ገዳም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት እዚያ ተጠብቃለች፣ ጊዜውም ሲመለስ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች ብሎ ከአባቶቹ የሰማውን አወጋን። አያቴ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችው።

አመሻሹ ላይ አጎቴ ውሃውን እያየ ብዙ ቆየና "መምሬ" አለው አባቴን፤ እንዲህ ነበር የሚጠራው። "ትናንት በነገርከን መሠረት እኮ የኛ ውሃ በዚህም በዚያም ባሕር አይደርስም።"

"አይደርስም" አለ አባቴ። "ሁሉም ሐይቅ ላይ ይቀራል።"

"ውሃችን አይደርስም፤ እኛ ግን እንደርሳለን!" ብሎ አጎቴ ሳቀ፤ ሁሉም አብሮት ሳቀ። ኩራት ነበረበት። ባዶ እግሩን ወጥቶ ባሕር ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ቢኮራ ይገባዋል። አያቴ ግን አልሳቀችም። "ውሃው ማረፊያውን ያውቃል፣ ልጄ" አለችው። "አንተስ ታውቀዋለህ?" አጎቴ መልስ አልሰጠም፤ እጇን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት።

ሊሄዱ ሲሉ አያቴ ሁለቱን ልጆች ወደ ጓሮ ጠራቻቸውና የእንሰት ችግኝ በየእጃቸው አስያዘቻቸው። ጉድጓዱን እሷ ቆፈረች፣ እነሱ ተከሉ፣ እኔ ፍግ አመጣሁ። "ይህ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል" አለቻቸው። "የራሳችሁ ነው፤ ማንም አይነካውም።" ልጅቱ በመዳፏ አፈሩን እየደለደለች ችግኙን ደኅና ሁን አለችው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ክፉ ነበሩ። አፋቤት ተያዘ፣ ምጽዋ ተያዘ፣ ደብዳቤው ቀረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ፤ አሰብም ከእጅ ወጣች። ወታደሩም፣ የባሕር ኃይሉም፣ ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም ከነቤተሰቡ ያንን በረሃ ወደ መሃል አገር ያቋርጥ ጀመር። አያቴ በየቀኑ ወደ መናኸሪያ ትወርዳለች። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው መንገዱን ሲውጠው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአውቶብስ ወረዱ። አጎቴ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። እትዬ አንድ ጥቅል ጨርቅ ይዛለች። ሻንጣ የለም፣ ስጦታ የለም።

የዚያን ቀን አያቴ እልል አላለችም። የእንግዳ ጣባዋንም ከቆጡ አላወረደችም። በየቀኑ እኛ በምንበላበት ገበታ አቀረበችላቸውና ሲበሉ ዝም ብላ አየቻቸው። ሲጠግቡ ልጆቹን ወደ ጓሮ ይዛቸው ወጣች። እንሰቶቹ ከልጆቹ ቁመት በላይ ሆነዋል፤ ዝናቡ በሰፋፊ ቅጠሎቻቸው ላይ ይወርዳል። የአጎቴ ልጅ ግንዱን አቅፋ አለቀሰች፤ ከመጣች ጀምሮ ያለቀሰችው ያኔ ነው። "ደርሷል?" ብላ ጠየቀቻት። "ገና ነው" አለቻት አያቴ። "አብረን እንጠብቀዋለን።"

አብረን ጠበቅነው። አጎቴ ከመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ለረጅም ጊዜ ስለ ባሕር አይናገርም ነበር፤ መርከብ የሚል ቃል ከሬዲዮ ሲሰማ ይነሳና ይወጣ ነበር። የተፈታው በእትዬ ነው። ከዝዋይ በሚመጣው መኪና ዓሣ እያስመጣች ገበያ ዳር መጥበስ ጀመረች። መጀመሪያ የሚገዛት አልነበረም፤ ሰፈራችን ዓሣ አይበላማ። አያቴ ከሷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ ዓሣውን በበርበሬ እየጠቀሰች ትበላ ነበር። እሷ ስትበላ ያየ "እማማ ከበሉትማ" እያለ ይቀርባል። በዚያ ዓሣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ተሸፈነ።

ዘመኑ ብዙ ነገር ለውጧል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤ ደግሞ የጉራጌ ዞን። በአንድ ቤት ውስጥ ከሁለቱም ወገን የተወለድን ሰዎች ተራራውን እንደ ድንበር ማየት አይሆንልንም። የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። የዝዋይ ውሃ ለመስኖውም ለአበባ እርሻውም እየተሳበ ነው፤ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ የሚወርደውም ተመናምኖ አቢጃታ ዳርቻዋን ጥላ ወደ መሃል ሸሽታለች። የእኛ ተራራ ሲራቆት፣ ጅረቱ ሲደርቅ፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ሲወርድ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው እዚያ ታች መረቡን በሚጠግነው ሰው ላይ ነው። አባቴ በእንጨት ጭሮ ያሳየን ነገር ይኸው ነበር፤ ከላይ ያለ ሰው ከታች ላለው ባለዕዳ ነው።

ወጣቶቻችን ደግሞ ዛሬም ባሕር ይደርሳሉ፤ ከባሕርም ማዶ ይሻገራሉ። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈቱ አሉ፤ አረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች አሉ። አጎቴ በእርጅናው ጊዜ እንዲህ የሚሄድ ልጅ ሊሰናበተው ሲመጣ አይከለክልም ነበር። መርቆ ሲያበቃ ግን "ከመሄድህ በፊት እናትህ ጓሮ እንሰት ትከል" ይለው ነበር። ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ የተከሉም አሉ።

አያቴም አጎቴም አልፈዋል። ቤቱን እንድንሸጠው የሚጠይቁን ሰዎች በየዓመቱ ይመጣሉ፤ መሬቱ አሁን የከተማ መሃል ነውና ዋጋው ቀላል አይደለም። የአጎቴ ልጅና እኔ ተመካክረን አንሸጥም ብለናል። በየመስቀሉ ሁለታችን ቀድመን እንገባለን፤ እሷ ጓሮውን ትኮተኩታለች፣ እኔ ቅቤውን አነጥራለሁ። ከየት እንደሚመጣ፣ ስጦታ ይዞ ይምጣ ባዶ እጁን ይምጣ አስቀድመን የማናውቀው ዘመድ ሁልጊዜ አለ፤ ሲመጣ በሩ ተከፍቶ፣ ቆጮውም ደርሶ ሊያገኘው ይገባል። ይህን ማድረግ አያቴ ያስተማረችኝ ሥራ ነው፤ አቅሜ እስከፈቀደ ድረስም እሠራዋለሁ።